«ክሊራንስ ካለ ሥልጠናው ለምን?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። በሰዎች ላይ ጥናት ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሚሰጠው የምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠና የጊዜና የገንዘብ ብክነት ነው ይላል። የጸሐፊው ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ተሳታፊውን የሚጠብቀው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ነው፣ ከእሱ ኢቲካል ክሊራንስ (ጥናቱን ለመሥራት የሚሰጥ የሥነ ምግባር ፈቃድ) ከተገኘ በቂ ነው። ሥነ ምግባር ከቤት ይዘውት የሚወጡት እንጂ አዳራሽ ውስጥ የሚማሩት ነገር አይደለም። ተሳታፊው ነጻ ምርመራና የትራንስፖርት ብር ስለሚያገኝ ተጠቃሚ ነው። ጉዳዩ የፈረንጆች ጣጣ ነው። መድኃኒት ሳይሞክር መጠይቅ ብቻ የሚያስሞላ ሰው ምንም አያስፈልገውም። ሥልጠናው ራሱ ክሊክ ክሊክ አድርጎ ሰርተፊኬት ማውረድ ነው። በዚያ ላይ ሥራ ያጓትታል።

ብዙ ሰው አጋርቶታል። ካጋሩት መካከል ቴሲስ ላይ ያሉ የማስተርስ ተማሪዎችና ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ልጆች ስላሉበት ዝም ማለት አልቻልኩም። እነሱ ናቸው ነገ ሰው ቤት በር አንኳኩተው የሚገቡት። እኔም ዳታ ኮሌክተር (መረጃ ሰብሳቢ) ሆኜ ሠርቻለሁ፣ በኋላም ሱፐርቫይዘር ሆኜ ዳታ ኮሌክተሮችን አሠልጥኛለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚቴው ካየው አበቃ»

ከዚህ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የተስማማው እዚህ ላይ ነው።

ኮሚቴ የሚያየው ወረቀት ነው። ፕሮፖዛሉን፣ መጠይቁን፣ ኮንሰንት ፎርሙን (ተሳታፊው ፈቃዱን የሚሰጥበትን ቅጽ) አገላብጦ ያያል፣ ይሄን አስተካክሉ ብሎ ይመልሳል፣ በመጨረሻ ማኅተም አድርጎ ይሰጣል። በጣም አስፈላጊ ሥራ ነው። አገራችንም ለዚህ እንግዳ አይደለችም፤ ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ በ2014 አምስተኛ እትሙ ወጥቷል፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማትም የየራሳቸው ኮሚቴ አላቸው። ጥናቱ የሚሠራው ግን ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ ነው፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሰው ግቢ ውስጥ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ነው። ልጇን አዝላ ወረፋ ከምትጠብቅ እናት አጠገብ የሚቀመጠው ዳታ ኮሌክተሩ ብቻ ነው። ቅጹን እስኪገባት አስረድቷት ነው የምትፈርመው ወይስ «እዚህ ጋ ብቻ» ብሎ የጣት አሻራ ቀለሙን አቅርቦላት? ያቺን ደቂቃ የትኛውም የኮሚቴ አባል አያያትም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦታው ይቅር። ክሊራንሱም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም ሁሉም የተሟላለት ጥናት ነበር። ዳታ ኮሌክተሩ ጠዋት ሰው ግጥም ብሎ በተቀመጠበት የመጠባበቂያ ቦታ ገባና ድምፁን ከፍ አድርጎ «የኤችአይቪ ጥናቱ ላይ ያላችሁ በዚህ በኩል!» አለ። ማንም አልተነሣም። አልሰሙኝም ብሎ ነው መሰለኝ ከያዘው ዝርዝር ላይ ስም መጥራት ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ መድኃኒቷን ሳትወስድ ወጣች። ተመልሳ ስለመምጣቷ አላውቅም። ፕሮፖዛሉ ላይ «የተሳታፊዎች ምስጢር የተጠበቀ ይሆናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ ኮሚቴውም ያንን አንብቦ ነው የፈቀደው። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ታብሌቱ ላይ ኮቦ የሚባለው የመረጃ መሙያ አፕ እንዴት እንደሚሞላ በደንብ ተምሯል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ተነግሮታል። ሰውን እንዴት መጥራት እንዳለበት ግን አንድም ሰው አልነገረውም።

ወረቀት ብቻውን የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የናይጄሪያዋን ከተማ ካኖን ማስታወስ ይበቃል። በ1996 ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር ካኖ ከተማ ሄዶ ትሮቫን የተባለ አዲስ አንቲባዮቲክ ሞከረ፤ ከ200 ሕፃናት ግማሾቹ ትሮቫን፣ ግማሾቹ የታወቀውን ሴፍትሪአክሶን ተሰጣቸው። 11 ልጆች ሞቱ። ኩባንያው የገደላቸው በሽታው ነው ብሎ ተከራክሯል። ወላጆች ግን ለልጆቻችን የሚሰጠው የሙከራ መድኃኒት መሆኑ አልተነገረንም አሉ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች እኮ እዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የተለመደውን መድኃኒት በነጻ እየሰጡ ነበር። የኮሚቴ ፈቃድስ? ደብዳቤ ነበረ። ኋላ ሲጣራ ደብዳቤው ከሙከራው በኋላ ተጽፎ ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ፤ ሆስፒታሉም በጊዜው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አልነበረውም። በ2009 ፋይዘር ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ።

ነገሩ ግን በዶላር አልተዘጋም። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባት አልቀበልም ስትል፣ ሕዝቡ ከፈረንጅ መድኃኒት የራቀበት አንዱ ምክንያት ይኸው የትሮቫን ጠባሳ ነበር። ክትባቱ ለወራት ቆመ። ከዚያ የተነሣው ቫይረስ በቻድ በሱዳን አድርጎ፣ ለዓመታት ፖሊዮ ሳይታይባት የቆየችው ኢትዮጵያ ድረስ መጣ። ካኖ ሆስፒታል ውስጥ ከአንድ አባት ጋር በአግባቡ አለመነጋገር ስንት ድንበር እንደሚሻገር አስቡት።

«ሥነ ምግባር ከቤት ነው የሚመጣው»

ጥሩ አስተዳደግን የሚጠላ የለም። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው «ጨዋ ሰው ሥልጠና አያስፈልገውም፣ ባለጌ ደግሞ ቢሠለጥንም አይለወጥም» ይላሉ። አደገኛው አባባል ይሄ ነው።

ተስኪጊ በሚል ስም የሚታወቀውን የአሜሪካ ጥናት እንውሰድ። በ1932 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት አላባማ ክፍለ ግዛት፣ ማኮን አውራጃ ውስጥ 600 ጥቁር ወንዶችን መዘገበ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። የጥናቱ ዓላማ በሽታው ሳይታከም ሲቀር ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ መከታተል ነበር። ለሰዎቹ ግን «መጥፎ ደም አለባችሁ፣ እናክማችኋለን» ነው የተባሉት። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ታውቆ በየቦታው መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንኳን አልተሰጣቸውም። ይህ እስከ 1972 ድረስ ቀጠለ። አርባ ዓመት።

ጥናቱ ደግሞ በድብቅ የተሠራ አልነበረም። ውጤቱ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ይወጣ ነበር፤ ሐኪሞች አንብበውታል። ሁሉም አስተዳደግ የጎደላቸው ነበሩ? ሰዎቹን በመኪናዋ የምታመላልሰው፣ ቤታቸው ሄዳ የምትጠይቃቸው ነርስ ዩኒስ ሪቨርስ ራሷ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ ይወዷት ነበር፣ ያምኗት ነበር። ጥናቱ ያን ያህል ዘመን የቆየው በእሷ ደግነት ተደግፎ ጭምር ነው። ነገሩን አይቶ የደነገጠው ፒተር በክስተን የተባለ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በ1960ዎቹ ለአለቆቹ ተቃውሞውን ጻፈ፤ ድርጊቱን ናዚ ሐኪሞች ከሠሩት ጋር አነጻጸረው፤ አልሰሙትም። በመጨረሻ መረጃውን ለጋዜጠኛ አሳልፎ ሰጥቶ ነው በ1972 ጉዱ የወጣው። እነዚያ ሁሉ ደህና ሰዎች ያላዩትን እሱ ያየው የሚለካበት ነገር ስለነበረው ነው። በእነዚያ ናዚ ሐኪሞች ላይ ኑረምበርግ ከተማ ምን እንደተፈረደ ያውቃል። እኔ ሥልጠና የምለው ይህን መለኪያ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የሃርቫርዱ ሐኪም ሄንሪ ቢቸርም በ1966 አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ 22 አጠያያቂ ጥናቶችን ዘርዝሮ ጽፏል። ብዙዎቹ ከታወቁ ተቋማት የወጡ ነበሩ። የጸሐፊው ደጋፊዎች ቢቸርን መጥቀስ ይወዱ ይሆናል፤ እሱም ተሳታፊውን ከወረቀት ይልቅ የሚያስተማምነው ጥሩ ተመራማሪ ነው ብሏልና። እስማማለሁ። ግን ቢቸር ጥሩ ያለው ተመራማሪ ርኅሩኅ፣ ኃላፊነት የሚሰማው፣ በዚያም ላይ የሚያውቅ ነው። ማወቁን ዝም ብለን አንለፈው።

ቤት ውስጥ የማንማራቸው ነገሮች እኮ አሉ። ታካሚ የሐኪሙን ጥያቄ እምቢ ማለት እንደሚከብደውና ስለዚህ ሐኪሙ ራሱ ባይጠይቅ እንደሚሻል የትኛው ቤት ነው የሚነገረው? ስም ቢሰረዝም ዕድሜ፣ ቀበሌና የሥራ ዓይነት አብረው ከተጻፉ በትንሽ ከተማ ውስጥ ሰውየው ማን እንደሆነ እንደሚታወቅስ? ጥሩ እናት ልጇን ሰው እንዳይጎዳ ታስተምራለች። ይህንን ግን ሙያው ነው የሚያስተምረው።

«ተሳታፊው እኮ ይጠቀማል»

ተስኪጊዎቹም ይጠቀማሉ ተብሎ ነበር። ትኩስ ምሳ፣ በመኪና መመላለስ፣ ነጻ ምርመራ፣ ሲሞቱ ደግሞ የቀብር ወጪ። የቀብሩ ብር የሚከፈለው ሬሳው እንዲመረመር ቤተሰብ ከፈቀደ ነበር። ከሁሉ የሚያመኝ አንድ ደብዳቤ አለ። ከጀርባ አጥንታቸው ፈሳሽ ለመቅዳት ሰዎቹን ሲጠሩ «ለልዩ ነጻ ሕክምና የመጨረሻ ዕድላችሁ ነው» ብለው ጻፉላቸው። ሕክምና አልነበረም። ምርመራ ነበር፣ ያውም ከባድ ራስ ምታት የሚያስከትል። ድሀ ገበሬ ይህን ደብዳቤ ይዞ ምን ብሎ ይቀራል?

እኛም ጋ ይህ ሩቅ አይደለም። ጥናት ላይ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ እየታከምኩ ነው ብሎ ያስባል። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ደም ከወሰደ ሕክምና ነው፣ አለቀ። «እምቢ ብል ቀጠሮዬን ይሰርዙብኝ ይሆን?» የሚል ሥጋትም አለ፤ አይናገሩትም እንጂ አለ። ያልሠለጠነ ዳታ ኮሌክተር ይህን ሥጋት አያየውም፣ አንዳንዴም ሳያውቅ ይጠቀምበታል። «ለራስዎ ነው የሚጠቅምዎት፣ ይግቡ» ይላል። በቅን ልቦና ነው የሚለው። ጥናቱ ግን ለእሳቸው የሚጠቅማቸው ነገር ላይኖረው ይችላል፤ ኮንሰንት ፎርሙ ራሱ እንደዚያ ብሎ ጽፏል። የሠለጠነው ሰው ያንን ዐረፍተ ነገር ሳይዘለው ያነበዋል።

«የፈረንጅ ጣጣ ነው»

አሜሪካኖች ከተስኪጊ በኋላ ኮሚሽን አቋቁመው በ1979 ቤልሞንት የሚባለውን ሪፖርት አወጡ። ሦስት ነገር ነው የሚለው። ሰውን አክብር፣ ጥቅሙን አስቀድመህ ከጉዳት ጠብቀው፣ ሸክሙንና ጥቅሙን በፍትሕ አከፋፍል። ከነዚህ የትኛው ነው ለሐበሻ ባዕድ የሆነው?

ጸሐፊው «እኛ ጋ ሽማግሌው ከፈቀደ፣ ቀበሌው ካወቀው ሰው አይቃወምም» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ አይቃወምም። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር የመጣን ሰው ማን ነው ፊት ለፊት አልፈልግም የሚለው? መንግሥት ያዘዘው ነው የሚመስለው። ከዚያ ደግሞ ይሉኝታ አለ። እንግዳ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ ፀሐይ እየመታው ደርሶ እንዴት ይመለሳል? እናም እሺ ይላሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ወደ ጎረቤት እያዩ፣ «እናንተ ካላችሁ እንግዲህ» ብለው። ይህን እሺታ ከእውነተኛው ፈቃድ ለይቶ ማወቅ፣ «እናቴ ባይፈልጉም ምንም ችግር የለውም፣ ማንም አይቀየምዎትም» ብሎ ከልብ መናገርና ሲሉትም ተነሥቶ መሄድ ከአሜሪካ የመጣ የኦንላይን ኮርስ አያስተምርም። እዚሁ፣ በእኛ ቋንቋ፣ የእኛን ሰው በሚያውቁ አሠልጣኞች ነው የሚሰጠው። ጸሐፊው ያነሡት ነገር ሥልጠናውን አገራዊ አድርጉት የሚያሰኝ እንጂ ተዉት የሚያሰኝ አይደለም።

ይህን ያደረጉ አሉ ደግሞ። ወላይታ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስ በሚባለው፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሄድ በሚመጣው የእግር እብጠት ላይ የዘረመል ጥናት ሊሠራ ነበር። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ደም ከመውሰዳቸው በፊት ሕዝቡ ዘንድ ገብተው ጠየቁ። ስለ ጥናቱ እንዴት ብንነግራችሁ ይገባችኋል? የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው? ማንን ታምናላችሁ? የታመሙት ሰዎች መገለል እንዳለባቸው ይታወቃል፤ «በሽታው ዘር ውስጥ ያለ ነው» የሚል ነገር በግዴለሽነት ከተነገረ ያ መገለል ሊብስ፣ እህትና ወንድማቸው ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የኮንሰንት አወሳሰዱ ያንን እንዲጠነቀቅ ተደርጎ ተዘጋጀ። ይህ ሥራ በ2009 ታተመ፤ የዘረመል ጥናቱ ውጤት ደግሞ በ2012 በዓለም ከታወቁት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ላይ ወጣ። ጠይቀው በመጀመራቸው የቀረባቸው ነገር የለም።

ደቡብ አፍሪካ የሚኖሩት የሳን ሕዝቦችም በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ እኛን ልታጠኑ ከመጣችሁ በዚህ ነው የምትመጡት አሉ። ይሄም የፈረንጅ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጥናት ባይሆንም። በጥር 1996 እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የለገሱት ደም ኤችአይቪ ይኖረዋል በሚል ፍራቻ ለዓመታት ሲጣል እንደነበር በጋዜጣ ተጋለጠ። ሲሰጡ አመሰግናለሁ እየተባሉ ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ወጥተው ጮኹ። ከሰው አካል የተወሰደ ነገር ላይ እውነቱን መደበቅ የእኛን ሰው እንዴት እንደሚያቆስል ለማወቅ የእንግሊዝኛ መመሪያ ማንበብ አያስፈልግም።

«መጠይቅ ምን ጉዳት አለው?»

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪዎቹን የሚመለከተው ይሄ ነው። አብዛኛው ቴሲስ መጠይቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ከ24 ሺህ በላይ ሴቶችን ያነጋገረበት፣ በትዳርና በፍቅር አጋር የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከት ጥናት በ2005 ይፋ ሆነ። ከቦታዎቹ አንዱ ቡታጅራ ነበር። እዚያ ከተጠየቁት፣ ባል ወይም አጋር ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ወይም ሁለቱም ደርሶባቸዋል። ይህ ቁጥር በየዎርክሾፑ ይጠቀሳል። እንዴት እንደተገኘ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም።

አስቡት። አንዲት ልጅ መጠይቅ ይዛ ገጠር ቤት ትገባለች። «ባልሽ መቶሽ ያውቃል?» ልትል ነው። መድኃኒት የለም፣ መርፌ የለም። ግን ባልየው ከእርሻ ተመልሶ በሩ ላይ ቢቆምስ? አማቷ ከጓዳ ብትሰማስ? ያን ቀን ማታ ያቺ ሴት ምን ይደርስባታል? ጥያቄ ሰው ያስገድላል፤ አጋንኜ አይደለም።

ስለዚህ የዚያ ጥናት ጠያቂዎች ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ የተሰጣቸውም ሳምንታት የፈጀ ሥልጠና ነው። ጥናቱ ለአካባቢው የተዋወቀው የሴቶች ጤናና የሕይወት ተሞክሮ ጥናት ተብሎ ነው፣ ጥቃት የሚል ቃል በርዕሱ ላይ አልነበረም። ከአንድ ቤት አንድ ሴት ብቻ ትጠየቃለች፤ ሌላዋ ሰምታ ወሬ እንዳይወጣ። ንግግሩ ለብቻ ነው። ሰው ድንገት ከገባ ጠያቂዋ ወሬውን ወደማያስጠረጥር ርዕስ፣ እንደ ሕፃናት አመጋገብ ወዳለው ታዞራለች፤ ይህንን ደግሞ ፊቷ ሳይለወጥ፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ ነው የምታደርገው። ተለማምዳው ነው እንጂ በጨዋነት ብቻ አይመጣም። ሴትየዋ ካለቀሰች ምን እንደምትል፣ መቼ ዝም እንደምትል፣ መቼ ጥያቄውን እንደምታቆም፣ እርዳታ የት እንደሚገኝ ምን ብላ እንደምትነግራት ታውቃለች። ለጠያቂዎቹም ታስቦላቸዋል፤ ይህን ሁሉ ታሪክ ሰምቶ ማታ መተኛት ቀላል አይደለምና። በዚያ ጥናት ብዙ ሴቶች ይህን ነገር ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ተናግረዋል። ያን ያህል የታመነችው ጠያቂዋ ነች።

ጸሐፊው «መጠይቅ ብቻ» ሲሉ ይህንን ሁሉ ነው የሚሰርዙት። ስለ ፅንስ ማቋረጥ የሚጠይቅ ቴሲስ አለ፣ ስለ ሱስ አለ፣ ስለ ስደት አለ። ከዓረብ አገር ተመልሳ የመጣችን ልጅ «እዚያ ምን ደረሰብሽ?» ብሎ መጠየቅ መጠይቅ ብቻ አይደለም።

ቤት ሳይገቡም ሰው ላይ ጥናት ይሠራል። ፌስቡክ በ2012 የ689,003 ተጠቃሚዎችን የዜና ገጽ ሳይነግራቸው እየለወጠ፣ ስሜታቸው ይቀየር እንደሆነ ሞክሮባቸዋል። በ2014 ሲታተም ዓለም ተቆጣ። አንድ ክኒን አልነበረበትም።

«ክሊክ ክሊክ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፣ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም ከጥቅምት 2000 ጀምሮ በሰው ላይ ጥናት ለሚሠሩ ቁልፍ ባለሙያዎች ትምህርቱን ግዴታ አደረገ። ሲቲ የሚባለው የኦንላይን ኮርስም በዚያው ዓመት ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ላይ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬቱ የሲቪ ማሟያ ሆነ። መልሱን ከጓደኛው ተቀብሎ የሚሞላ አለ፤ ምን እንደተማረ ብትጠይቀው «ቤልሞንት» ብሎ ይቆማል። በእንግሊዝኛ ስለ አሜሪካ ሕግ የሚያወራ ሞጁል አንብቦ ቡሬ ወይም ሰቆጣ ሄዶ ምን ይሠራበታል?

መድኃኒቱ ግን ሥልጠናውን መጣል አይደለም። መጥፎ ሥልጠና ስላለ ነው ጥሩ የምንጠይቀው።

ጥሩ የምለው ምን እንደሚመስል ላሳይ። አንዷ ሠልጣኝ ተሳታፊ እናት ትሆናለች፣ አንዱ ዳታ ኮሌክተር ይሆናል። እሱ ኮንሰንት ፎርሙን ያነባል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚያነቡት፤ «በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ተሳትፎ»፣ «ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ማቋረጥ»፣ ጭንቅላት ላይ አይገባም። ሲጨርስ አሠልጣኙ እናቲቱን «በራስሽ አባባል ንገሪን፣ ምን ልታደርጊ ነው የተስማማሽው?» ይላታል። «ደም ልሰጥ... ለምን እንደሆነ እንጃ» ትላለች። ክፍሉ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ልጁ ቅጹን አስቀምጦ በራሱ ቋንቋ እንደገና ይጀምራል፤ «እናቴ፣ ከክንድዎ በሻይ ማንኪያ ልክ ደም እንወስዳለን፣ ይሄ ለጥናት ነው፣ የዛሬ ሕክምናዎ አካል አይደለም፣ አልፈልግም ቢሉ ሕክምናዎ እንዳለ ይቀጥላል።» ያኔ ነው የገባው። ከዚያ ተራው ይለወጥና እናቲቱ እምቢ እንድትል ይደረጋል። ዳታ ኮሌክተሩ ስንቴ እንደሚለምን እናያለን። ብዙዎቹ ሳያስቡት ይለምናሉ፤ የናሙና ቁጥር መሙላት አለባቸዋ፣ አበሉም በቁጥር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ይህንን ለይተን እንነጋገርበታለን።

ስልክም አለ። የተሞላ ቅጽ ፎቶ አንሥቶ፣ ስምና ካርድ ቁጥር እየታየ፣ ለሱፐርቫይዘር በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ዛሬ የተለመደ ሆኗል። ክፋት የለበትም፣ ለፍጥነት ነው። ግን ያ ፎቶ የስንት ሰው ስልክ ላይ ይቀራል? በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ የሕግ ጉዳይም ሆኗል ማለት ነው። የሚሠለጥነውም ዋናው ተመራማሪ ብቻ መሆን የለበትም። አስተርጓሚው፣ ቤት እየጠቆመ የሚያዞረው መንገድ መሪ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ሁሉም የሰው ምስጢር ይነካሉ።

«ሥራ ያጓትታል»

በመጨረሻ የቀረው ይሄ ነው፣ አጭር መልስ ይበቃዋል። በ2001 ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአስም ጥናት ላይ የነበረች የ24 ዓመት ጤነኛ ወጣት፣ በጥናቱ ምክንያት የሳንባ ጉዳት ደርሶባት ሞተች። በትንፋሽ የሳበችው ኬሚካል ሳንባ ሊጎዳ እንደሚችል በ1950ዎቹ የወጡ ጽሑፎች ነበሩ፤ ሳይታዩ ታለፉ። ኮንሰንት ፎርሙ ደግሞ ኬሚካሉን መድኃኒት ብሎ ነበር የሚጠራው። የአሜሪካ መንግሥት በሐምሌ ወር ዩኒቨርሲቲው በፌዴራል ገንዘብ በሰው ላይ የሚሠራውን ምርምር ከሞላ ጎደል ሁሉንም አስቆመ። ማጓተት ማለት እሱ ነው።

እኛ ጋ የሚጠየቀው ይህን ያህል አይደለም። ዳታ ኮሌክተሮች መጠይቁን ለመለማመድ ለማንኛውም ይሰበሰባሉ፤ አዳራሹ ተገኝቷል፣ አበሉ ተመድቧል፣ ሻይና ቆሎው ቀርቧል። ከዚያው ላይ ግማሽ ቀን ለዚህ ይሰጥ ነው የምለው። አማካሪዎች የተማሪያቸውን ፕሮፖዛል ሲያዩ በጀቱ ላይ ይህ ግማሽ ቀን መኖሩን ይጠይቁ፤ ኮሚቴዎችም ክሊራንስ ከመስጠታቸው በፊት «ዳታ ኮሌክተሮቹን ማን ነው የሚያሠለጥናቸው፣ በምን ቋንቋ?» ብለው ይጻፉ። ጽሑፉን ያጋራችሁ ተማሪዎች ደግሞ ለመስክ ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት ኮንሰንት ፎርማችሁን ለእናታችሁ ወይም ለጎረቤት አንብቡላቸውና ምን እንደገባቸው ጠይቋቸው። ካልገባቸው ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ ተመለሱ።